መልስ፦ ጠጅ የመኳንንት መጠጥ ሆኖ የቆየው ለምንድን ነው?

ጠያቂያችን፣ «ጠላ በየጎጆው ሲጠመቅ ጠጅ ለምን የመኳንንት መጠጥ ሆኖ ቆየ?» ላሉት ጥያቄ ዋናው ምክንያት ማሩ ነው ብዬ አምናለሁ። ጠላ የሚጠመቀው ገበሬው ከማሳው ከሚያገኘው ገብስ፣ ዳጉሳ ወይም በቆሎ ሲሆን፣ ማር ግን ለባላባቱና ለቤተ መንግሥቱ በግብርነት ከሚገቡት ውድ ነገሮች አንዱ ስለነበር፣ አንድ እጅ ማር በሦስት ወይም በአራት እጅ ውኃ በጥብጦ፣ ጌሾ ጨምሮ፣ ጋን ሙሉ ጠጅ ለማስጣል አቅሙ የነበረው ይህ ግብር የሚገባለት ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ስላየው የማር መጠጥ ጽፏል፤ ዐፄ ምኒልክ በአዳራሹ ግብር ሲያበሉም ጠጅ በገፍ ይቀርብ ነበር።

ጌሾን እንደ ተራ ማጣፈጫ ማየት አይገባም፤ ምሬቱ የማሩን ጣፋጭነት ያመጣጥናል፣ መፍላቱንም ያግዛል። (ጌሾ ያልገባበት ብርዝ ግን አልኮል ለማይጠጡም ይቀርባል።)

በኋላ ጠጅ ቤቶች በከተሞች ሲስፋፉ ገንዘብ ያለው ሁሉ ብርሌውን መጨበጥ ቻለ። ዛሬ በእጅጉ የሚያሳዝነኝ በብዙ ቦታ ማሩ በስኳር መተካቱ ነው።