ፋኑን አስቀምጠው፣ ሚዛኑን ያዝ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን አየሁት። 70 ሚሊ ሜትር ኢዲኤፍ ፋን ገዝተሃል፤ ባለ 3 ሴል፣ 2200 ሚሊ አምፔር-ሰዓት ባትሪ አለህ፤ ከማስታወቂያ ቤት ነጭ ቦርድ አግኝተሃል። ከታናሽ ወንድምህ ጋር በሪሞት የሚበርር የኤፍ-22 ተዋጊ ጄት ሞዴል ሠርታችሁ እዚሁ አዳማ ልታበርሩት አስባችኋል። «ፋኑ ያነሳዋል ወይ? ቦርዱስ ይሆናል? የት እናብርረው?» ነው ያልከው። ከዚህ በፊት ምንም አብርረህ እንደማታውቅም ጽፈሃል። እኔም የማበርረው እዚሁ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

ፋኑ ያነሳዋል። ጣጣው ያለው ማውረዱ ላይ ነው።

ኢዲኤፍ ጠባብ ቱቦ ውስጥ የምትሽከረከር ትንሽ ፋን ናት። ጥቂት አየር ትወስድና በከፍተኛ ፍጥነት ወደ ኋላ ትገፋለች። ባለ 6 ኢንች ፕሮፔለር ሲዞር የሚሸፍነው ክብ ግን ከሷ በ4 እጥፍ ይሰፋል። ስለዚህ ከአንድ ዓይነት ባትሪ፣ በተለይ ዝግ ባለ ፍጥነት፣ ፕሮፔለሩ የተሻለ ግፊት ያወጣል። ፋኗ በ3 ሴል እንኳ 30 አምፔርና ከዚያ በላይ ትስባለች። ለሷ የሚሆን ኢኤስሲ (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው)፣ ከበድ ያለ ባትሪ፣ የአየር መግቢያና መውጫ ቱቦ ብለህ ስትደምር አውሮፕላኑ ወደ ኪሎ ይጠጋል። ያው ቅርጽ በፕሮፔለር ግማሽ ኪሎ ላይ ያልቅልሃል። ክብደት እጥፍ ሲሆን ደግሞ አየር ላይ ለመቆየት የሚያስፈልገው ትንሹ ፍጥነት 40 በመቶ ያህል ይጨምራል። በእጅህ ስትወረውረው ያንን ፍጥነት መስጠት አለብህ። ሲያርፍም በዚያው ፍጥነት ነው ወደ መሬት የሚመጣው። ለጀማሪ ይሄ ፈተና ነው።

የኛ ከተማ የራሷ ጉዳይም አለ። አዳማ ከባህር ጠለል ከ1,600 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ከባህር ጠለል ጋር እኩል ከሆነ ቦታ 15 በመቶ ያህል ይሳሳል፤ ፀሐይ ሲበረታ ይብሳል። ዩቲዩብ ላይ ያለው ሰውዬ «ሞተሬ 800 ግራም ይገፋል» ሲልህ አንተ 680 ብለህ ያዝ። ክንፉም የሚያነሳው አየር ሲሳሳ ፈጠን ማለት ይፈልጋል። እዚህ አገር የፎም አውሮፕላን ዋና ጠላት ክብደት የሆነው ለዚህ ነው።

ስለዚህ የምመክርህ የአውሮፕላኑ አካል ላይ ከመሃል ትንሽ ወደ ኋላ ብሎ በተከፈተ ክፍተት ውስጥ ፕሮፔለር የሚዞርበትን ዓይነት ነው። «ታዲያ ምኑ ጄት ሆነ?» እንዳትለኝ። ሃያ ሜትር ከራቀ ፕሮፔለሩ አይታይም። የሚታየው ቅርጹ ብቻ ነው። ወንድምህ የደብረ ዘይቱ ተዋጊ ጄት፣ ሱ-27፣ ይሁን ብሎ ቢያስቸግርህ ለሁለተኛው አቆየው። ያማረ ይሆናል፣ ግን ቁርጥራጩ ይበዛል።

ሞተሩን ስትገዛ ተጠንቀቅ። የምትፈልገው 2212 የሚባለውን፣ 2200 ኬቪ የሆነውን ነው። ሱቅ ሄደህ «2212 አለ?» ስትል ብዙ ጊዜ 1000 ኬቪ ያወጡልሃል። መልኩም ሳጥኑም አንድ ነው። ያ ለድሮን የሚሆን፣ ትልቅ 10 ኢንች ፕሮፔለር የሚያዞር ነው። ኬቪ ማለት ጭነት በሌለበት በ1 ቮልት በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚዞር ነው። 1000 ኬቪው ላይ 6 ኢንች ብታስር ግፊቱ ግማሽ ያህል እንኳ አይሞላም። በተቃራኒው 2200ው ላይ 10 ኢንች ካሰርክ ሞተሩንም ኢኤስሲውንም ታቃጥላለህ። 6 በ4 ፕሮፔለር (6 ኢንች ስፋት፣ በአንድ ዙር 4 ኢንች ወደ ፊት የሚሄድ)፣ 30 አምፔር ኢኤስሲ፣ 9 ግራም ሰርቮ (መሪ ክፍሎቹን የምታንቀሳቅስ ትንሽ ሞተር) ሁለት። አለቀ። ባትሪህ ይሠራል፣ ግን ለዚህ ትከብዳለች። 1300 ብታገኝ ይሻላል፤ እሷም ስሮትሉን (የሞተሩን ጉልበት የሚሰጠውን ስቲክ) ካላበዛህበት አምስት ደቂቃ ገደማ ታበርርሃለች።

ፕሮፔለሩ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ፊት ሁልጊዜ ወደ አውሮፕላኑ አፍንጫ ይዞራል። ሞተሩ ከኋላ ቢሆንም ያው ነው። አዟዟሩ ከተገለበጠ ከሦስቱ ሽቦ ሁለቱን አቀያይር።

ወደ ቦርዱ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ሳያውቀው ገንዘቡ የሚባክነው። ማስታወቂያ ቤት ውስጥ ነጭ ቦርድ ሲሉህ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛው ፎሬክስ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ፕላስቲክ። 5 ሚሊ ሜትሩ በካሬ ሜትር ከ2 ኪሎ በላይ ይመዝናል። በሱ የተሠራ አውሮፕላን በረንዳ ላይ ይሰቀላል እንጂ አይበርም። ሁለተኛው ፎም ቦርድ ነው፤ መሃሉ ፎም፣ ሁለቱ ፊቱ ወረቀት። ይሄ በካሬ ሜትር በመቶዎች የሚቆጠር ግራም ነው። ለመለየት ጠርዙን በጥፍርህ ጫን በለው። ጥፍርህ ከገባና ወረቀቱ ከተላጠ እሱ ነው። ጠንካራ ሆኖ ከተንሸራተተ መልሰው። የሽንኩርት ሚዛን ላይ አድርገህ ብትመዝነው ደግሞ ጥያቄው ሁሉ ያበቃል። ክንፉ ላይ ወረቀቱን ተወው፤ ጥንካሬ የሚሰጠው እሱ ነው። ከሆዱ ውስጥ በኩል ግን መላጥ ትችላለህ፤ ደህና ግራም ይቀንስልሃል።

ማስቲሽ እንዳትቀባው። ጫማ ሰፊዎች የሚጠቀሙበት ማስቲሽ ፎሙን ያቀልጠዋል። እያየኸው ነው ጉድጓድ የሚሠራው። ለሰፊው ገጽ ነጩ የእንጨት ኮላ፣ ለመገጣጠሚያው ሆት ግሉ በቂ ነው። ሆት ግሉም ቢሆን በስሱ ይሁን። እሱ ራሱ ይከብዳል፤ ሁሉም ሰው ደግሞ ያበዛዋል። ክንፉ ውስጥ ከጫፍ ጫፍ ቀጭን ቀርከሃ ስንጥቅ ቅበርበት፤ ካርቦን ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ አትንከራተት። ከሰርቮ ወደ ክንፉ ጭራ (ከክንፉ ኋላ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀሰው ክፍል) ለሚሄደው ዘንግ የሳይክል ራጂ ልክ ነው። የሰርቮዋ ቀዳዳ ይጠብባል፤ መርፌ በእሳት አግለህ አስፋው። ሲገባ ልክ መያዝ አለበት። ከተንቀጫቀጨ አውሮፕላኑም አየር ላይ ይንቀጠቀጣል።

አሁን ዋናው። አውሮፕላንህ መብረሩን ወይም አለመብረሩን የሚወስነው የክብደቱ ሚዛን ነጥብ፣ ሲጂ የምንለው ነው። ሞተሩ ደካማ ቢሆን ዝግ ብለህ ትበርራለህ። ሚዛኑ ወደ ኋላ ከሆነ ግን ከእጅህ እንደወጣ ቀና ይልና ይገለበጣል፤ ሪሞቱን ብትነካውም ባትነካውም። ወደ ፊት ከሆነ አፍንጫው ይከብዳል፣ ሲያርፍ ይፈጥናል፣ ግን ይታዘዛል። ስለዚህ ለመጀመሪያ ቀን ወደ ፊት ይሁን።

የት ነው ቦታው? ክንፉ ንጹህ ሦስት ማዕዘን ከሆነና ከኋላ ቀጥ ብሎ ከተቆረጠ ስሌቱ ቀላል ነው። መሃል ለመሃል ከፊት ጫፉ እስከ ኋላው 60 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። ግማሹ፣ ማለትም 30ው ላይ፣ አየሩ የሚያነሳበት ቦታ አለ። ሚዛኑ ከሱ መቅደም አለበት፤ 26 ላይ አድርገው። ከክንፉ ፊት ረጅም አፍንጫ ካለው ደግሞ ትንሽ ወደ ፊት ጨምር። የኤፍ-22 ፕላን ካወረድክ ነጥቡ እላዩ ላይ ተሥሏል። እሱን ያዝና ለመጀመሪያው በረራ አንድ ሳንቲ ሜትር አስቀድመው።

ነጥቡን ስታገኝ የክብሪት እንጨት ለሁለት ሰብረህ፣ ከክንፉ ስር ግራና ቀኝ፣ ልክ መስመሩ ላይ አጣብቅ። ሜዳ ላይ አጎንብሰህ ማስመሪያ አትፈልግም። ባትሪውን ከገጠምክ በኋላ ሁለት ጣትህን ክብሪቶቹ ላይ አድርገህ ታነሳዋለህ። አፍንጫው ትንሽ ወደ ታች ዘንበል ካለ ደህና ነው። ካላለ ባትሪውን ወደ ፊት ግፋው። አፍንጫ ውስጥ ሳንቲም የሚጠቀጥቁ አሉ። ባትሪው ቦታ እያለው ሳንቲም መጨመር ክብደት መግዛት ነው።

ሪሞቱ ላይ ኤሌቨን የሚለውን ምረጥ፤ ሁለቱ ክንፍ ጭራዎች ማንሳቱንም ማዘንበሉንም አብረው እንዲሠሩ የሚያደርገው እሱ ነው፤ ፍላይስካይ አይ6 ከሆነ ሜኑው ውስጥ አለ። ከአውሮፕላኑ ኋላ ቁም። ስቲኩን ወደ ራስህ ስትስብ ሁለቱም ክንፍ ጭራዎች ወደ ላይ ይነሱ። ወደ ቀኝ ስታደርግ ቀኙ ይነሳ፣ ግራው ይውረድ። ስቲኩን ስትለቀው ሁለቱም 2 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ላይ ቀና ብለው ይቀመጡ። ይሄንን ሳታይ እንዳትወረውር። ሆዱን ደግሞ ብርቱካናማ ወይም ጥቁር ሰፊ መስመር ቀባው። ጄት ከሩቅ ላይና ታቹ አይለይም፤ ያንን ያጣ ሰው ወደ ግራ እያለ ወደ ቀኝ ያዞራል።

ቤት ቁጭ ብለህ መለማመድም ትችላለህ። ፒካሲም የሚባል ነፃ ሲሙሌተር አለ፤ ሪሞቱን በገመድ ታገናኘዋለህ። ወንድምህ ካንተ ቶሎ እንደሚለምድ አልጠራጠርም።

የት እና መቼ ለሚለው፣ የአዳማን ነፋስ ላንተ መንገር አያስፈልግም። የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ፣ አዳማ 1 በ34 ተርባይን 51 ሜጋ ዋት፣ አዳማ 2 ደግሞ 153 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ ተደርገው የተተከሉት በከንቱ አይደለም። ለኛ ግን ተርባይኖቹ ነፃ የነፋስ መረጃ ናቸው። ፊታቸውን ያዞሩበት አቅጣጫ ነፋሱ የሚመጣበት ነው። መዞር የሚጀምሩት ነፋሱ በሰከንድ 3 ሜትር ገደማ ሲደርስ ነው። ሁሉም ቀጥ ብለው ከቆሙ ታች ያለነው ሰላም ነን። በደንብ ከዞሩ ሻይህን ጠጣ፣ ሌላ ቀን ትበርራለህ። ግማሽ ኪሎ ፎም ዝግ ብሎ ወደ ነፋሱ ሲበርር ፍጥነቱ በሰከንድ 7 ወይም 8 ሜትር ከሚነፍሰው ነፋስ ጋር እኩል ይሆንና አንድ ቦታ ቆሞ ይቀራል። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሜዳው ላይ ተገኝ። ረፋድ ሲል መሬቱ ይግላል፣ አቧራ እያሽከረከረ የሚነሳው ነፋስም ይጀምራል።

ወደ ወንጂ አቅጣጫ አዝመራ የተነሳበት ማሳ ይመቻል፤ ባለቤቱን አስፈቅደህ። ከተርባይኖቹ፣ ከፈጣን መንገዱና ከኤሌክትሪክ መስመር ራቅ። ልጆች መሰብሰባቸው አይቀርም፤ ሁሉንም ከኋላህ አድርግ። ፈቃዱንም አትናቀው። አገራችን ውስጥ ድሮን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ሩቅ ሆኖ ለሚያይህ ሰው ያንተም ከሱ አይለይም፤ በዚያ ላይ የጄት ቅርጽ አለው። የአየር ኃይሉም ጎረቤታችን ደብረ ዘይት ነው። ቀድመህ ሲቪል አቪዬሽንን ጠይቅ፣ የአካባቢውን ፖሊስም አሳውቅ።

ከሞተር በፊት በባዶው ወርውረው። ፕሮፔለሩን ፍታ፣ ባትሪው ቦታው ላይ ይሁን፣ ረዥም ሳር ላይ በትከሻህ ልክ ወደ ነፋሱ ቀጥ አድርገህ ልቀቀው። ወደ ላይ አትወርውር። ቀስ እያለ እየተንሸራተተ ከወረደ ተሳክቷል። በሞተር ስትሆን ሌላ ሰው ይወርውርልህ፤ አንተ ሁለቱም እጅህ ሪሞቱ ላይ ይሁን። ወርዋሪው ከፕሮፔለሩ ፊት፣ ከሆዱ ስር ነው የሚይዘው። ጣቱ ወደዚያ ክፍተት እንዳይጠጋ፤ ፕሮፔለሩ ቀልድ አያውቅም። ስሮትል ከግማሽ በላይ፣ ውርወራው ቀጥ ያለ። ከፍ እስኪል ድረስ እንዳታዞረው።

ባትሪዋን ሜዳ ላይ ከወደቀችና ከተጎዳች ወይም ካበጠች መልሰህ እንዳትቻርጅ። ጤነኛዋንም ሲሚንቶ ወለል ላይ፣ ከአልጋና ከመጋረጃ ርቀህ፣ አጠገቧ ሆነህ ነው የምትቻርጃት። በእያንዳንዱ ሴል ከ3.5 ቮልት በታች አታውርዳት፤ ለሳምንታት ካላበረርክ በ3.8 አስቀምጣት።

ፋኗን አትሽጣት። ክብደቱን የቻለ ሰፊ ክንፍና 4 ሴል ሲኖርህ ታስፈልግሃለች። ለአሁኑ ግን ቦርዱን መዝነህ፣ ከክንፉ ፎቶ ጋር እዚሁ ስር ጻፍልኝ። ፊትና ኋላውን በሳንቲ ሜትር ካስቀመጥክልኝ ሚዛኑን አብረን እናወጣዋለን።