«ዕጩ አባል» ወይስ «የተሰየመ አባል»?

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. በ1925 በትሪኒዳድና ቶቤጎ ስለተካሄደው ምርጫ የሚያወሳ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛ እየተረጎምኩ ነው። «ኖሚኔትድ ሜምበርስ» የሚለውን «ዕጩ አባላት»፣ የተመረጡትን ደግሞ «እንደራሴዎች» ብያለሁ። ትክክል ነውን?

መልስ፦ «ዕጩ» እዚህ ቦታ ላይ ታሪኩን ስለሚያዛባ ይለወጥ። ቃሉ «አጨ» ከሚለው ግሥ የወጣ የ«እጮኛ» ዘመድ ነው፤ የታጨች ልጅ ገና እንዳልተዳረች ሁሉ፣ ዕጩም ወንበር ሳይዝ የመራጩን ፍርድ የሚጠባበቅ ሰው ነው። በትሪኒዳድ የሕግ አውጪ ምክር ቤት ግን እነዚያ 6 ሰዎች የማንንም ድምፅ ሳይጠብቁ በብሪታኒያዊው ገዥ ፈቃድ አባል የሆኑ ናቸው።

«የተሾሙ» ቢባሉስ? በዚያው ጉባኤ በሥራ መደባቸው የሚቀመጡ 12 የመንግሥት ሹማምንት ስለነበሩ አንባቢው ሁለቱን ወገኖች ያምታታቸዋል። «ገዥው የመረጣቸው» ማለት ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው፤ ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1925 ድምፅ ተሰጥቶባቸው የገቡት 7 አባላት ብቻ ናቸውና፣ «መረጠ» የሚለው ግሥ ለእነርሱ ሊጠበቅ ይገባል። እኔ የምመርጠው «በገዥው የተሰየሙ አባላት» የሚለውን ነው፤ «ዳኛ ሰየመ» ስንል የሰያሚው ሥልጣን ጎልቶ እንደሚሰማን፣ እዚህም ወንበሩን የሰጠው ማን እንደሆነ ቃሉ ራሱ ይናገራል።

«እንደራሴ» የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። «እንደ ራሴ ሆኖ ይሥራልኝ» የሚለውን ሐሳብ የያዘ ቃል ስለሆነ፣ ንጉሥም ሕዝብም ለወከሉት ሰው ያገለግላል፤ ራስ ተፈሪ የንግሥት ዘውዲቱ እንደራሴ ነበሩ፣ የምክር ቤት አባልም የሕዝብ እንደራሴ ይባላል። በቅኝ ግዛት ታሪክ ውስጥ ገዥው የእንግሊዝ ንጉሥ እንደራሴ በመሆኑ፣ «እንደራሴው ከእንደራሴዎቹ ጋር ተከራከሩ» ብለው ቢጽፉ ማን ከማን ጋር እንደተከራከረ አይታወቅም። ስለዚህ ገዥውን «ገዥ» ብለው ይተዉት።

«የሕዝብ» የሚለውን ቅጽል ጨምረው «የሕዝብ እንደራሴ» ማለትም ለ1925 አይስማማኝም። የመምረጥ መብት በንብረትና በገቢ ተወስኖ፣ ሴቶችም 30 ዓመት እስኪሞላቸው ተከልክለው፣ መራጭ ሆኖ የተመዘገበው ከሕዝቡ 6 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። በዋና ከተማዋ በፖርት ኦፍ ስፔይን የተመረጡትን ሻምበል ሲፕሪያኒን፣ ምንም እንኳ ለሠራተኛው የቆሙ ሰው ቢሆኑ፣ በዚህ ምርጫ ረገድ «ተመራጭ አባል» ይበሏቸው፤ «የሕዝብ እንደራሴ» የሚለውን ለአካለ መጠን የደረሰ ሁሉ ድምፅ የመስጠት መብት ላገኘበት ለ1946ቱ ምርጫ ያቆዩት።