ቆጣሪዎቹ ሳይረጩ ለምን ሄዱ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ። በዚህ እትም መልስ የሚሰጡት በሥነ ነፍሳት ቤተ ሙከራ ሠርተው በጡረታ የተገለሉ ባለሙያ ናቸው።

ጥያቄ፦ ሁለት የጤና ባለሙያዎች ማታ መጥተው ከአልጋችን አጠገብ ትንሽ አምፖልና ማራገቢያ ያለው መሣሪያ ሰቀሉ። ጠዋት ተመልሰው ከሥሩ የተንጠለጠለውን ከረጢት ፈትተው ወሰዱ። ግቢ ውስጥ ካለው የውሃ በርሜልም በጭልፋ እየጨለፉ ትል የመሰለ ነገር በጠርሙስ ይዘው ሄዱ። መድኃኒት ግን አልረጩም። ባለቤቴ «ትንኝ ለመቁጠርም ደመወዝ ይከፈላል?» እያለ ይስቃል። እኔ ደግሞ መብራቱ የሰፈሩን ትንኝ ሁሉ እንዳይሰበስብብን ሰግቻለሁ። ከመቁጠር መግደል አይቀድምም ወይ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ለባለቤትዎ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። አዎን፣ ይከፈላል፤ እኔም ልጆቼን ያሳደግሁት በዚያው ደመወዝ ነው። ብዙ ነው ግን አልልም።

ስጋትዎን ላስቀድም። ወጥመዱ አልጋ አጠገብ የሚሰቀለው የተኛ ሰው ትንፋሽና የገላ ጠረን ትንኟን ስለሚጠራት ነው። ወደ እናንተ የመጣችው አምፖሉ ባይኖርም ትመጣ ነበር። የብርሃኑ ድርሻ ክፍሉ ውስጥ የገባችውን ወደ ማራገቢያው ማስጠጋት ነው፤ ነፋሱ ወደ ታች ይስባትና ከረጢቱ ውስጥ ትቀራለች። የተኛው ሰው ግን አጎበር ውስጥ መሆን አለበት። ያለ አጎበር ወጥመድ ልስቀል የሚል ባለሙያ ከመጣ ይቆጡት፤ በእኔ ስም ጭምር።

ወደ ዋናው ጥያቄ ስመጣ፣ መግደል አይቀድምም። የትኛዋን እንደምንገድል፣ የት እንደምናገኛትና በምን እንደምትሞት ሳናውቅ የምንረጨው መድኃኒት በአብዛኛው ለኅሊናችን የሚረጭ ነው። በዓለም ላይ ከ3,500 በላይ የትንኝ ዝርያዎች አሉ። ወባን ወደ ሰው የሚያስተላልፉት አኖፊለስ ከሚባለው ወገን የሆኑ ብቻ ናቸው፤ ከእነርሱም ቢሆን ዋነኞቹ አርባ ገደማ ዝርያዎች ናቸው። ደንጊን፣ ቺኩንጉንያንና የከተማ ቢጫ ወባን በዋናነት የምታዛምተው ኤደስ ኢጂፕታይ ስትሆን፣ የምትናከሰው በቀን ነው። ሌሊት ጆሮ ሥር እየጮኸች እንቅልፍ የምትነሳው ብዙ ጊዜ ኩሌክስ ናት። ግድግዳ መርጨት ሌሊት ገብታ፣ ነክሳ፣ እዚያው ግድግዳ ላይ ለምታርፍ ትንኝ ጥሩ መሣሪያ ነው። ውጭ ነክሳ ውጭ የምታድረዋን ግን አይነካትም።

ከረጢቱ ቤተ ሙከራ ሲደርስ ትንኞቹ በቅዝቃዜ ይገደሉና ነጭ ወረቀት ላይ ይዘረገፋሉ። የእሳት እራቱና ሌላው ነፍሳት ወደ ጎን ይደረጋል። ቀጥሎ ማይክሮስኮፕ ነው። ሴቷ አኖፊለስ ከመውጊያዋ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት መዳሰሻዎች የመውጊያዋን ያህል ይረዝማሉ፤ በሌሎቹ ሴቶች ላይ አጫጭር ናቸው። ኤደስ ኢጂፕታይ ደግሞ ጀርባዋ ላይ በነጭ መስመር የተሣለ ክራር የመሰለ ምልክት አላት። አንድ ጊዜ ያየው ሰው አይረሳውም።

እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ሥራ ዕድሜ መለየቱን ነበር። የሞተችውን ትንኝ ሳትደርቅ በውሃ ጠብታ ላይ አጋድመን፣ በሁለት ቀጫጭን መርፌዎች የሆዷን ጫፍ ቀስ አድርገን ስንስበው እንቁልጢዎቿ ይወጣሉ። እነርሱ ሲደርቁ በማጉያው እናያቸዋለን። በላያቸው ላይ ያሉት ደቃቅ የአየር ቧንቧዎች ጫፋቸው ተጠቅልሎ ከሆነ ትንኟ ገና እንቁላል አልጣለችም። ጥቅልሉ ተፈትቶ ከተዘረጋ ቢያንስ አንድ ጊዜ ጥላለች፤ ማለትም ደም ጠጥታ፣ አዋህዳ፣ ቀናት ኖራለች። እጅ ከተንቀጠቀጠ ሁሉም ነገር ይበጠሳል፤ ስለዚህ ሥራው ከሚበዛበት ሳምንት በፊት ቡና አልጠጣም ነበር።

ዕድሜዋ ምን ይሠራል ቢሉኝ፣ የወባ ተውሳክ ትንኟ ውስጥ እንደገባ ወዲያውኑ አይተላለፍም እላለሁ። ከሆዷ ተነሥቶ ምራቅ አመንጪ እጢዋ እስኪደርስ ጊዜ ይፈልጋል። ፋልሲፓረም የተባለው ዋነኛው ገዳይ ተውሳክ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት 12 ቀን ገደማ ይወስድበታል፤ በ20 ዲግሪ አራት ሳምንት ያህል፤ ከ16 ዲግሪ በታች ዕድገቱ ይቆማል። አብዛኞቹ ትንኞች ይህን ያህል ሳይኖሩ ይሞታሉ። ስለዚህ ከረጢት ሙሉ ለጋ ትንኝ ከማይ ይልቅ ጥቂት አሮጊቶች ባይ ነው የምደነግጠው። ርጭት ከተካሄደ በኋላ የአሮጊቶቹ ድርሻ ካልቀነሰ፣ ጠቅላላው ቁጥር ቢያሽቆለቁልም ርጭቱን እጠረጥራለሁ።

ከበርሜልዎ የተጨለፉት «ትሎች» የትንኝ እጮች ናቸው። በሕይወት የተወሰዱት አድገው ክንፍ እንዲያወጡ ነው። ከዚያ ፀረ ተባይ ኬሚካል የተነከረ ወረቀት ባለበት ቱቦ ውስጥ ለ1 ሰዓት ይቆያሉ፤ ወደ ንጹሕ ቱቦ ይዛወሩና ስኳር ውሃ ይሰጣቸዋል፤ ከ24 ሰዓት በኋላ የሞቱት ይቆጠራሉ። ከመቶው 98ና ከዚያ በላይ ከሞቱ ኬሚካሉ ይሠራል። ከ90 በታች ከሆኑ ትንኞቹ ተላምደውታል። በመካከሉ ያለው ደግሞ ተጨማሪ ምርመራ ይፈልጋል። ይህ ሳይታወቅ ቢረጭ ኖሮ ባለቤትዎ በሌላ ነገር ይስቁ ነበር።

በርሜሉ የተፈለገበት ሌላም ምክንያት ይኖራል። በአፍሪካ ለረጅም ጊዜ ወባን የምናውቀው የገጠርና የዝናብ ኩሬ በሽታ አድርገን ነበር። ከእስያ የመጣችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ ግን በከተማ በርሜል፣ በሮቶና በግንባታ ጉድጓድ ትራባለች፤ ዝናብ መጠበቅ የለባትም። እ.ኤ.አ. በ2012 ጂቡቲ ውስጥ ተገኘች፤ በ2016 በኢትዮጵያ ቀብሪ ደሃር ታየች። ጂቡቲ በ2012 ያስመዘገበችው የወባ ታማሚ 27 ብቻ ነበር፤ በ2020 ከ73,000 በላይ ሆነ። ጭማሪው ሁሉ የእርሷ ነው ባይባልም ድርሻዋ ትልቅ ነው። በ2022 ድሬዳዋ ላይ በበጋ ወራት የተነሣው ወረርሽኝም ከእርሷ ጋር ተያይዟል። አስቸጋሪነቷ ደግሞ ክንፍ ካወጣች በኋላ በብርሃን ወጥመድ እምብዛም አለመያዟ ነው። የምትገኘው በእጭነቷ፣ በጭልፋ ነው።

ለባለቤትዎ አንድ ታሪክ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1930 ሬይመንድ ሻነን የተባለ የነፍሳት ባለሙያ በብራዚል ናታል ከተማ እጭ ሲሰበስብ በአፍሪካ ብቻ የምትታወቀውን አኖፊለስ ጋምቢዬን አገኘ። ከዳካር በመርከብ ተሻግራ ሳትመጣ እንዳልቀረች ይታመናል። ከተማዋ ውስጥ ተዋግተው ሲያስወግዷት ሰዎች ተዘናጉ፤ እርሷ ግን ቀስ በቀስ ወደ ገጠሩ እየዘለቀች ነበር። በ1938 የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ከ14,000 በላይ ሰው ገደለ። በኋላ አሜሪካዊው ሐኪም ፍሬድ ሶፐር በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች አሰማርቶ፣ ውሃ ያቆረ ስፍራን ሁሉ አሳስሶ በ1940 ከአገሩ አጠፋት። ሻነን ጭልፋውን በያዘበት ወቅት ግን ችግሩ አንድ ሜዳ ላይ ነበር።

ጊዜውን ደግሞ ራስዎ ያስሉት። እጭ ክንፍ እስኪያወጣ በሞቃት ስፍራ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት፤ ተውሳኩ ትንኟ ውስጥ እስኪበስል 12 ቀን ገደማ፤ የተነከሰው ሰው እስኪያተኩሰው ቢያንስ አንድ ሳምንት። ተደምሮ ወር ይሆናል። ጤና ጣቢያው ታማሚ መቁጠር ሲጀምር ያ ወር አልፏል።

ጥያቄ፦ ሰሞኑን ቤታችን ውስጥ የትንኝ ድምፅ ጠፍቷል። አጎበሩ ስለሚሞቀን ብናነሣው ምን ይመስልዎታል?

መልስ፦ አያንሡ። የጠፋው የኩሌክስ ጩኸት ሊሆን ይችላል፤ ስለ ሌሎቹ ምንም አይነግርዎትም። ከላይ እንዳልኩት ደግሞ አንዲት አሮጊት ትበቃለች።

ጥያቄ፦ የሳይንስ መምህር ነኝ። ማይክሮስኮፕ የለንም። ከተማሪዎቼ ጋር የሚረባ ቅኝት ማድረግ እንችላለን?

መልስ፦ ትችላላችሁ፤ እንዲያውም ከአንዳንድ ባለሙያ የተሻለ ዓይን ያላቸው ልጆች አይቻለሁ። ነጭ ጭልፋ ወይም ነጭ ሳሕን ያዙ፤ በነጭ ላይ እጩ ጎልቶ ይታያል። ወደ ውሃው ስትጠጉ ጥላችሁ እንዳያርፍበት ተጠንቀቁ፣ እጮቹ ጥላ ሲያዩ ወደ ታች ይጠልቃሉ። ከጠለቁም ዝም ብላችሁ ጠብቁ፤ ለአየር ተመልሰው ይወጣሉ። ጨልፋችሁ ስታዩ እጩ ከውሃው ገጽ ጋር ተጋድሞ ከተንሳፈፈ አኖፊለስ ነው። ራሱን ወደ ታች ዘቅዝቆ በጅራቱ ቧንቧ ከተንጠለጠለ ኩሌክስ ወይም ኤደስ ነው። ይህን ለመለየት ማይክሮስኮፕ አያስፈልግም።

ስንት ቤት እንዳያችሁ፣ በስንቱ እጭ እንዳገኛችሁ፣ ስንት ዕቃ እንደፈተሻችሁና ስንቱ እጭ እንደነበረበት ጻፉ። ባዶ የሆኑትንም መመዝገብ አትርሱ፤ ብዙ ሰው የሚዘለው እርሱን ነው፤ ያለ እርሱ ደግሞ መቶኛ አይሰላም። በየሳምንቱ ወደዚያው ቤት ተመለሱ።

በበርሜል ውስጥ የተጋደመ እጭ ካገኛችሁ ሁሉንም አትድፉ። ጥቂቱን በአልኮል ጠርሙስ ውስጥ ጨምሩና ቀኑንና ቦታውን በእርሳስ ጽፋችሁ እዚያው አስገቡት፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይለቅቃል። ጠርሙሱን ለአካባቢው ጤና ጽሕፈት ቤት አስረክቡ። የቀረውን ውሃ ደረቅ መሬት ላይ አፍስሱ፤ ከዚያም የበርሜሉን ውስጠኛ ጎን በብሩሽ ፈትጉ። ኤደስ እንቁላሏን ከውሃው በላይ ባለው እርጥብ ጎን ላይ ስለምታጣብቅ፣ ውሃው ቢደፋም እንቁላሉ አብሮ አይወጣም፤ ደርቆ ለወራት ይቆይና ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል።