ወር ሙሉ ለሚቆም ፒካፕ፦ አዲስ ባትሪ ከመግዛትዎ በፊት ይለኩ

ጠያቂያችን ያቀረቡት ጉዳይ ባጭሩ ይህ ነው። ባለ ናፍጣ ሃይሉክስ ፒካፓቸው በኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ይቆማል፤ በወር አንድ ጊዜ ወደ እርሻቸው ለመሄድ ካልሆነ አይንቀሳቀስም። በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ባትሪ ቀይረዋል። ጥበቃው በየሳምንቱ ለ10 ደቂቃ እንዲያስነሳው አድርገው ነበር፤ ሆኖም ሦስተኛውም ባትሪ ደክሟል፤ ስለዚህ የትኛው ዓይነት ቢገዙ እንደሚሻል ይጠይቃሉ።

እኔም ተመሳሳይ መኪና ስላለኝና በዚሁ ችግር ብዙ ገንዘብ ስላወጣሁ የማውቀውን በዝርዝር ልጻፍልዎ። አስቀድሜ መልሴን ላስቀምጥ፦ አራተኛውን ባትሪ ገና አይግዙ። መኪናው ቆልፈውት በሄዱ ጊዜ ከባትሪው ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚወጣ መጀመሪያ ያስለኩ። የወጣው ሳይታወቅ የሚገዛ ባትሪ፣ የየትኛውም አገር ስሪት ቢሆን፣ የቀደሙት በሄዱበት መንገድ ይሄዳል።

ስለ 10 ደቂቃዋ ልጀምር፤ ይህን ምክር ያልሰማ ባለ መኪና የለምና። ደህና የሆነ መኪና ተቆልፎ ሲቆም ለሰዓቱ፣ ለአላርሙና ለኮምፒውተሩ እስከ 0.05 አምፔር ድረስ ቢወስድ እንደ ጤናማ ይቆጠራል። ይህ በቀን 1.2፣ በሳምንት ደግሞ 8.4 አምፔር ሰዓት (አንድ አምፔር ለአንድ ሰዓት ሲፈስ የሚወጣው መጠን) ይሆናል። ሞተሩ በሚኒሞ ለ10 ደቂቃ ሲሠራ በሞተሩ እየዞረ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ዲናሞ በአማካይ 15 አምፔር ወደ ባትሪው ቢልክ እንኳ የሚመለሰው 2.5 አምፔር ሰዓት ብቻ ነው፤ ለማስነሳትና ሞተሩን ለማሞቅ የወጣው ገና ሳይቀነስ ማለት ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ ወደ ስድስት አምፔር ሰዓት ዕዳ ይቀራል፤ ባለ 70 አምፔር ሰዓት ባትሪ በስድስተኛው ሳምንት ከግማሽ በታች ወርዶ ይገኛል። ጥበቃው ግን መኪናው ስለሚነሳለት ሁሉም ነገር ደህና ይመስለዋል። ባትሪውን በዲናሞ ለመሙላት ከተፈለገ ከግቢ አውጥቶ ቢያንስ አንድ ሰዓት ያህል መንዳት ያስፈልጋል፤ ያም ቢሆን የመጨረሻው አምስተኛ ክፍል በጣም በዝግታ የሚገባ በመሆኑ ብዙ የወረደን ባትሪ በአንድ ጉዞ ሙሉ ማድረግ አይቻልም።

ጉዳቱ የሚመጣውም ከዚህ ነው። የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ሲወርድ በውስጡ ባሉት የእርሳስ ሳህኖች ላይ የእርሳስ ሰልፌት ይፈጠራል፤ ወዲያው ከተሞላ ይሟሟል፤ ለሳምንታት እንደወረደ ከቆየ ግን ይጠነክርና በቻርጅ የማይለቅ ነጭ ክምችት ይሆናል። ባትሪዎ ያረጀው ብዙ ስለሠራ አይደለም፤ ግማሽ ባዶ ሆኖ ስለቆመ ነው። ስድስት ዓመት በታክሲ ላይ የሠራ ባትሪ አይቻለሁ፤ የእኔ የመጀመሪያው ደግሞ 14 ወር አልሞላም።

የእኔን ታሪክ ልንገርዎ። ፒካፔን የማወጣው ደብረ ብርሃን ያሉትን እናቴን ለመጠየቅና እህል ለማመላለስ ብቻ ነው። በ2011 ዓ.ም. ታኅሣሥ ውስጥ እዚያው አድሬ ጠዋት ስወጣ ኮፈኑ ላይ ውርጭ ነበር፤ ቁልፉን ሳዞር ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ አንድ ጊዜ ጠቅ አለና ዝም አለ፤ የዳሽቦርዱ መብራትም አብሮ ደበዘዘ። ቅዝቃዜ የባትሪውን ጉልበት ይቀንሳል፤ የሞተሩንም ዘይት ያወፍራል፤ አዲስ አበባ እየተንገዳገደ ያስነሳኝ የነበረው ባትሪ እዚያ አቃተው። የጎረቤት ልጆች ገፍተው አስነሱልኝ። ስመለስ አዲስ ባትሪ ገዛሁ፤ እሱም በሦስተኛው ወር ወደቀ። ያኔ ነው አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ባትሪውን ትቶ ፍሰቱን የለካልኝ። ንባቡ 0.18 አምፔር ነበር። ይህ በቀን ከአራት አምፔር ሰዓት በላይ ነው፤ ባለ 70 ባትሪን በስምንት ቀን ግማሽ ያደርሰዋል። ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀለ ሲሄድ የቴፑ ፊውዝ ላይ ሲደርስ ቁጥሩ ወደ 0.03 ወረደ። ቴፑን የገጠመልኝ ሰው ገመዱን በቁልፍ ከሚጠፋው መስመር ጋር ሳይሆን በቀጥታ ከባትሪው ጋር አያይዞት ኖሯል። ሥራው ከግማሽ ሰዓት አልበለጠም። ያን ዕለት የተገጠመው ባትሪ አራት ዓመት ተኩል አገልግሎኛል።

ልኬቱን ራስዎ ማድረግ ይችላሉ፤ ነገር ግን በጥንቃቄ ይሁን። ቴስተሩ (የኤሌክትሪክ መለኪያው) የ10 አምፔር ቀዳዳ ያለው ይሁን፤ ቀዩን ገመድ እዚያ ይሰኩት። ኮፈኑን ከፍተው በሮቹን ይቆልፉ፤ ቁልፉንም ያርቁ። ኔጋቲቩን ገመድ በ10 ቁጥር ቁልፍ ፈትተው ቴስተሩን በገመዱና በባትሪው ራስ መካከል ያስገቡት። በዚህ ሁኔታ ሞተሩን ለማስነሳት ፈጽሞ አይሞክሩ፤ ሞተሪኖው በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ስለሚስብ ቴስተሩ ይቃጠላል። መጀመሪያ የሚያዩት ቁጥር ከፍ ያለ ይሆናል፤ ኮምፒውተሩና አላርሙ እስኪተኙ ግማሽ ሰዓት ይታገሡ። ከዚያም በኋላ ከ0.05 በላይ ከሆነ ፊውዝ እየነቀሉ ሌባውን ይፈልጉ። በእኛ አገር መኪኖች ላይ መጀመሪያ የሚጠረጠሩት በኋላ የተገጠሙት ናቸው፦ አላርም፣ ጂፒኤስ፣ ቴፕ፣ የጭነት ቦታ መብራት። ፊውዞቹ ሁሉ ተነቅለው ቁጥሩ ካልወረደ ዲናሞውን ይጠርጥሩ፤ ውስጡ ያሉት፣ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉት ዳዮዶች ሲበላሹ ወደ ኋላ ያፈሳሉ።

ፍሰቱ ጤናማ ሆኖ ከተገኘ የሚቀረው ጥያቄ በቆመበት ጊዜ ምን ይደረግ የሚለው ነው። እኔ የማደርገውና ለእርስዎም የምመክረው፣ ከሁለት ሳምንት በላይ የሚቆም ከሆነ ኔጋቲቩን መፍታት ነው። ሲፈቱ ኔጋቲቩ ይቀድማል፤ ሲያስሩ መጨረሻ ላይ ይመለሳል፤ ይህን ቅደም ተከተል የጠበቀ ሰው ቁልፉ የመኪናውን ብረት ቢነካበት እንኳ እሳት አይነሳበትም። ሰዓቱና የሬዲዮ ጣቢያዎቹ ይጠፋሉ፤ አላርሙም አይሠራም፤ ስለዚህ ግቢው ጥበቃ ከሌለው የመሪ መቆለፊያ ብረት ይጨምሩበት። የተፈታ ባትሪም ቢሆን በራሱ በወር ጥቂት በመቶ ይቀንሳል፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ፍጥነቱ ወደ እጥፍ ይጠጋል። በዚህ በኩል አዲስ አበባ ያለን ሰዎች ድሬዳዋ ወይም ሰመራ ካሉት እንሻላለን።

ግቢዎ ውስጥ ሶኬት እንደሌለ ጽፈዋል። ባትሪውን አውጥተው ቤት ውስጥ አየር በሚገባበት ቦታ በወር አንድ ሌሊት ቻርጅ ማድረግ ይችላሉ፤ ቻርጀሩ ሲሞላ በራሱ የሚያቆም ይሁን፤ መጠኑም ለባለ 70 ባትሪ ከ7 አምፔር አይብለጥ። ጎሚስታ ቤት በሁለት ሰዓት እንሞላዋለን ሲሉዎት አይቀበሉ፤ ሳህኖቹ በሙቀት ይጣመማሉ። መኪናው ጣሪያ በሌለው ቦታ የሚቆም ከሆነ ግን ባለ 10 ዋት ወይም ባለ 20 ዋት የፀሐይ ፓኔል ከመቆጣጠሪያው ጋር መግጠም ከሁሉም ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ ባለ 10 ዋቱ ጥሩ ፀሐይ ባለበት ቀን ሁለት አምፔር ሰዓት ያህል ስለሚያስገባ ጤናማ ፍሰትን ይሸፍናል። በክረምት ደመናው ስለሚያደክመው ሐምሌና ነሐሴ ላይ አይመኑበት።

አሁን ያለው ባትሪ ሙት መሆኑንም ሳያረጋግጡ አይጣሉት። በዝግታ ሙሉ ቻርጅ ያድርጉትና ሳይነካ አንድ ሌሊት ካደረ በኋላ ይለኩት። 12.6 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ካነበበ ተስፋ አለው፤ 12.2 ማለት ግማሽ ነው፤ ቻርጅ ተደርጎም 10.5 አካባቢ ከቆመ ከስድስቱ ሴሎች አንዱ ሞቷል፤ አይድንም። 12.6 ያነበበውን መልሰው ገጥመው ሰው እያስነሳልዎት እንደገና ይለኩ፤ ሞተሪኖው ሲዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ጊዜው አልቋል። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ከ13.8 እስከ 14.5 ካላነበቡ ደግሞ ጥፋቱ ወደ ዲናሞው ይሄዳል።

ባትሪዎ ክዳኑ የሚከፈት ከሆነ ውሃው ሳህኖቹን ከላይ በአንድ ሴንቲሜትር ያህል መሸፈን አለበት። የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው። በሱቅ የሚሸጠው የታሸገ የመጠጥ ውሃ ማዕድን አለው፤ ለሰው መልካም ሆኖ ባትሪን ይጎዳል። አሲድም አይጨመር፤ የሚተነው ውሃው እንጂ አሲዱ አይደለምና። በባትሪው ራስ ላይ የሚበቅለውን ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ሙቅ ውሃ አጥበው፣ አድርቀው፣ ግሪስ ይቀቡት።

መግዛት ግድ ከሆነ ከአምራቹ ስም ይልቅ የተመረተበትን ቀን ይመልከቱ። በመደርደሪያ ላይ አንድ ዓመት የቆየ ባትሪ እርስዎ ግቢ ውስጥ የደረሰበት ጉዳት እዚያው ደርሶበታል። እኔ የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ስሄድ ቴስተሬን በኪሴ ይዤ ነው፤ ከ12.5 በታች ካነበበ ገንዘብ አልከፍልም፤ ሻጩ ቢቆጣም ሌላ ያመጣልኛል። የቁጥሩንም ትርጉም ይወቁ፤ 80ዲ26ኤል በሚለው ውስጥ 26 ርዝመቱ በሴንቲሜትር ሲሆን ኤል ወይም አር የሚለው ፊደል ራሶቹ በየትኛው ወገን እንዳሉ ይናገራል፤ በዚህ ከተሳሳቱ ገመዱ አይደርስም። መቀመጫው የማይችለውን ትልቅ ባትሪ መግዛት ፍሰቱን አያስቆምም፤ የሚወድቅበትን ቀን ብቻ ያዘገየዋል። ብዙ ሰው ድራይ የሚለው ዝግ ባትሪ ውሃ መጨመር ስለማያስፈልገው ለእንደ እርስዎ ላለ ሰው ይመቻል፤ ወርዶ ከቆመ ግን እንደ ሌላው ሁሉ ይሞታል።

አሮጌውን ለገዙበት ሱቅ መልሰው ከዋጋው ያስቀንሱ። ለቆራሌ አይስጡ፤ በየግቢው ሲሰበር አሲዱ መሬት ላይ ይፈሳል፤ የእርሳሱም አቧራ በዚያ አካባቢ ለሚጫወቱ ሕፃናት አእምሮ ጠንቅ ነው። የልኬቱን ቁጥር እዚህ ከጻፉልኝ ፊውዙን ለመለየት አብሬዎት አያለሁ።