ቡሪሳሜውን ከእናትሽ ጎን ሆነሽ ተማሪ

እህቴ፣ ለሲዳማ ዘመን መለወጫ ለፊቼ ጨምበላላ ልጆችሽን ይዘሽ ሐዋሳ ስትመጪ ከቆጮና ከቅቤ የሚሠራውን የእናትሽን ቡሪሳሜ እንዴት እንደምትማሪና ለልጆቹ ምን እንደምታሳያቸው ጠይቀሻል።

በስልክ መጠየቁ አይበቃም፤ እናትሽ አጠገብ ቁጭ በይ። ወሳኙ ከእንሰት የሚገኘው ቆጮ ነው። ቃጫው በደንብ ይከትከት፣ ውኃው እስኪጠነፈፍ ይጨመቅ። ከዚያ ተነፍቶ ምጣድ ላይ ይታመሳል፤ ቅቤው የሚገባው ትኩስ እንዳለ ነው። እናትሽ የቅቤውን ልክ በእጃቸው ስለሚያውቁት፣ ሲጨምሩ አንቺ ለክተሽ ጻፊው። ከወተት ጋር ሲቀርብማ ልጆቹ ይወዱታል!

በዓሉ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል። አንድ ቀን ካገኛችሁ ወደ ዲላ ውረዱ። በዚያ በኩል የቱቱ ፈላና የጨልባ ቱቲቲ ትክል ድንጋዮች አሉ፤ እነሱ ያሉበት የጌዴኦ መልክዓ ምድር በ2016 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ሆኗል። መንገዱ ላይ እንሰቱን ከቡናው ጋር አብሮ ታያላችሁ። እናትሽንም ይዘሽ ሂጂ፤ ስለ እንሰት ለልጆቹ የሚነግሩትን ከማንም አያገኙም።