ኤጂኮና ኢዙሜኮ፦ ስለ ጃፓን የገለባ የሕፃን ማቆያና ስለ አሻንጉሊቶቹ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ኤጂኮ የሚባለው ምንድን ነው?

መልስ፦ በሰሜን ምሥራቅ ጃፓን፣ ቶሆኩ በሚባለው በረዷማ አካባቢ፣ ገበሬዎች ከሩዝ ገለባ አወፍረው ይሠሩት የነበረ ክብና ጥልቅ የሕፃን ማቆያ ነው። በያማጋታ ግዛት በሚገኘው የሾናይ ሜዳ ግን ኢዙሜ ወይም ኢዙሜኮ ይሉታል። ይህ ስም የመጣው ከማዕድ ቤት ነው፤ የበሰለ ሩዝ እንዳይቀዘቅዝ ከነዕቃው የሚቀመጥበት የገለባ ማቆያም በዚሁ ስም ይጠራልና። ከዚህም ዋናው ዓላማ ሕፃኑን ማወዛወዝ ሳይሆን ሙቀቱን መጠበቅ እንደ ነበር መረዳት ይቻላል።

ጥያቄ፦ ሕፃኑ እዚያ ውስጥ ሲውል ሽንቱ እንዴት ይሆን ነበር?

መልስ፦ ከሥር አመድ፣ የሩዝ ገለፈት፣ ገለባና አሮጌ ጨርቅ ተደራርቦ ይነጠፍ ስለነበር እርጥበቱ ወደ ታች ይሰርግ ነበር፤ የረጠበውም በደረቅ ይተካ ነበር።

ጥያቄ፦ እናቶቹ ልጆቻቸውን አያዝሉም ነበር?

መልስ፦ ያዝሉ ነበር፤ ታላላቅ እኅቶችና አያቶችም እንዲሁ። ይሁን እንጂ የሩዝ ችግኝ የሚተከለው ጭቃ ውስጥ ቆሞ፣ ጎንበስ ብሎ በመዋል ስለሆነ፣ የሁሉም እጅ በሚፈለግበት በዚያ ወቅት ሕፃኑ ዙሪያውን በጨርቅ ተደግፎ ማቆያው ውስጥ እንዲቀመጥ ይደረግ ነበር። ይህን እንደ ቸልተኝነት የሚቆጥሩ ሰዎች ያጋጥሙኛል፤ እኔ ግን አልስማማም፤ ልጁ ከምድጃው እሳትም ከብርዱም እንዲጠበቅ በእጅ የተሠራለት ነውና።

ጥያቄ፦ አሻንጉሊቶቹስ ከዚህ ጋር ምን ያገናኛቸዋል?

መልስ፦ ሁለት ዓይነት ናቸው። የቱሩኦካ ከተማው የኢዙሜኮ አሻንጉሊት በትንሽ የገለባ ማቆያ ውስጥ የተቀመጠ፣ ባለ ቀለም ጨርቅ የለበሰ ሕፃን ነው። ሁለተኛው ደግሞ እንደ ናሩኮና ቱቺዩ ባሉ የፍል ውሃ መንደሮች ኮኬሺ የተባለውን የእንጨት አሻንጉሊት የሚሠሩ ባለሙያዎች እንጨት እያሽከረከሩ የሚቀርጹት ኤጂኮ ነው፤ ድቡልቡሉ አካሉ ማቆያውን ይወክላል፣ ብዙ ጊዜም ውስጡ ክፍት ሆኖ የሕፃኑ ራስ እንደ ክዳን ይነሣል፣ በውስጡም ጥቃቅን መጫወቻዎች ይገኛሉ። የእንጨቱ ሥራ እጅግ የተዋጣለት ቢሆንም፣ ገለባው በዓይን የሚታይበትና በእጅ የሚዳሰስበት የቱሩኦካው አሻንጉሊት ለጥንቱ ማቆያ ይበልጥ የቀረበ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ማቆያው ዛሬም ይሠራል?

መልስ፦ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የገጠሩ ኑሮ ሲለወጥ ለሕፃናት መዋሉ ቀርቷል። የአሠራሩ ጥበብ ግን አልጠፋም፤ ማቆያው ቱጉራ በሚባልባቸው በኒጋታና በናጋኖ ተራራማ መንደሮች አረጋውያን ዛሬም ከሩዝ ገለባ የድመት ማደሪያ ይሠራሉ፣ የሚጠሩትም በዚያው በሕፃኑ ማቆያ ስም ነው።