ሰይድ መሐመድ የትኛው ነው? ስለ ካርድ፣ ስለ ኮምፒውተርና ስለ ጤና መረጃ ጥያቄና መልስ

ሰላም ወሎዬዎች። ሰሞኑን «ካርድ ክፍል ለምን ሰው ያንገላታል?» እያላችሁ ስታማርሩ ሰምቼ፣ ዛሬ ከሰዓት ነፃ ነኝና ጠይቁኝ አልኩ። ደሴና አካባቢዋ ባሉ ጤና ተቋማት የጤና መረጃ ባለሙያ ሆኜ ዓመታት ሠርቻለሁ። እኛ ቤት ኤችአይቲ እንባላለን። ሐኪም አይደለሁም፤ «ጨጓራዬን ያቃጥለኛል» የሚል ጥያቄ ከመጣ አልፈዋለሁ።

ከኩታበር፦ እናቴን ለስኳር ክትትል ይዤ እመጣለሁ። በመጣን ቁጥር ካርዷ የለም ይሉናል፤ አዲስ አውጡ እንባላለን። ካርዱ የት ነው የሚሄደው?

አብሽር ወንድሜ፣ ብዙ ጊዜ ካርዱ የትም አልሄደም። መደርደሪያው ላይ ቁጭ ብሏል። የጠፋው ወደ እሱ የሚወስደው መንገድ ነው።

አንድ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጣ የመዝገብ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ኤምአርኤን የምንለው። ፎልደሩ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጠው በዚያ ቁጥር ተራ ነው። ቁጥሩ የተጻፈባት ትንሽ ወረቀት ለታካሚው ትሰጣለች። ፎልደሩ ሲወጣ ደግሞ በቦታው ትሬሰር የሚባል ካርድ ይገባል፤ ወደ የትኛው ክፍል እንደሄደ የሚናገር ማለት ነው። በተግባር ግን 60 ሰው ተሰልፎ ትሬሰር የሚያስገባ የለም። ፎልደሩ ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ እኛ መደርደሪያ ስናምስ እንውላለን።

ቁጥሩ ከጠፋ በስም እንፈልጋለን። ጉዱ እዚህ ጋ ነው። ወሎ ውስጥ «ሰይድ መሐመድ» ብሎ መፈለግ ሰኞ ገበያ መሐል ቆሞ «አንተ ልጅ!» ብሎ እንደመጣራት ነው። አያት ጨምር ስትለው «ሰይድ መሐመድ ሰይድ» ይልሃል። ከዚያ አጻጻፉ አለ። አንዱ መሐመድ፣ አንዱ መሀመድ፣ አንዱ ሙሐመድ፣ አንዱ ሙሃመድ ብሎ መዝግቦታል። ለእኔና ለአንተ ያው አንድ ሰው ነው፤ ለኮምፒውተር ግን ሐ እና ሀ ፈጽሞ አይተዋወቁም። ፀሐይ የምትባል እህት ካለችህ ቁጠራት፦ መጀመሪያው ፊደል በሁለት፣ መሐሉ በስድስት ዓይነት ይጻፋል። 12 ሴት ሆነች ማለት ነው።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ሶፍትዌሩ ከመፈለጉ በፊት ሀ፣ ሐ፣ ኀን ወደ አንድ፣ ሰና ሠን ወደ አንድ፣ አና ዐን ወደ አንድ፣ ጸና ፀን ወደ አንድ እንዲያመጣ ማድረግ ነው። ውጭ አገር ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ስሞች አንድ ላይ የሚያመጣ ሳውንዴክስ የሚባል ዘዴ አለ፤ የፈጠራ መብት ያገኘው በ1918 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። የተሠራው ለእንግሊዝኛ ስሞች ስለሆነ ለእኛ ፊደል ልክ አይመጣም።

እስከዚያው አንድ ነገር ልንገርህ። አንዲት እናት ሁልጊዜ ካርድ ክፍል ሲደርሱ የነጠላቸውን ጫፍ ይፈቱና ከቋጠሮው ውስጥ እንደ ሳንቲም የታጠፈች ወረቀት ያወጣሉ። ቁጥራቸው ናት። በግማሽ ደቂቃ ይስተናገዳሉ። የእናትህን ቁጥር አንተም ስልክህ ላይ ጻፈው። አዲስ ካርድ የወጣ ቀን እኮ የዛሬው ሐኪም ያለፈውን የመድኃኒት መጠን፣ የኩላሊት ምርመራ ውጤት፣ የማይስማማትን መድኃኒት አያይም። ስኳሩ ዛሬ የጀመራት ይመስለዋል።

ከጨፋ አካባቢ፣ ነርስ፦ ቀን መዝገብ ላይ እንጽፋለን፤ በወሩ መጨረሻ ቆጥረን እንልካለን። ከዚያ ማን ያየዋል? እውነቱን ንገረኝ።

እውነቱን ከፈለግሽ እህቴ፣ ከአንቺ በላይ ያሉት ያዩታል፤ አንቺ ግን አታይውም። ትልቁ በሽታችንም እሱ ነው።

ወሩ ከ21 እስከ 20 ተቆርጦ ይደመራል፣ ዲኤችአይኤስ ቱ የሚባል የጤና ሪፖርት ሶፍትዌር ላይ ይገባል። ይህ ሶፍትዌር ከኖርዌይ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ነው፤ ሥሩ ግን ከአፓርታይድ በኋላ በደቡብ አፍሪካ ወረዳዎች የተጀመረ ሥራ ነው። ያኔ ሐሳቡ ወረዳው የራሱን ቁጥር ራሱ እንዲጠቀምበት ነበር። እኛ ጋ ሲደርስ ወደ ላይ መላኪያ ቧንቧ ሆነ።

አንቺ ጋ ወባ አለ አይደል? አንድ ትልቅ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፊ። በየሳምንቱ የተገኘውን የወባ ታማሚ ነጥብ አድርጊ። ከጎኑ ያለፈውን ዓመት ተመሳሳይ ሳምንት አስቀምጪ። የአምስት ዓመት መረጃ ከሌለሽ፣ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ሳምንት እጥፍ ካለፈ ወረርሽኝ ነው ብለሽ ለወረዳው ደውዪ። ሪፖርቱ እስኪሄድ አትጠብቂ። አንድ ስክሪብቶና ማስመሪያ ይበቃል። ወላሂ፣ በብዙ ገንዘብ ከተገዛ የኮምፒውተር ዳሽቦርድ (የቁጥር ማሳያ ገጽ) ይልቅ ብዙ ሥራ የሠራ የግድግዳ ወረቀት አይቻለሁ።

ከደሴ፦ ሁሉም ነገር ኮምፒውተር ላይ ቢገባ ይሄ ሁሉ አይቀርም ነበር?

ይቀንሳል። ግን አትቸኩል። አሜሪካ ፒትስበርግ ውስጥ አንድ የሕፃናት ሆስፒታል በ2002 (እንደ አውሮፓ) የሐኪም ትእዛዝ በኮምፒውተር ብቻ እንዲሆን አደረገ። በኋላ ከሌላ ተቋም በሪፈር የመጡ ሕፃናትን ሞት አዩት። ከ2.8 በመቶ ወደ 6.57 በመቶ ወጥቶ ነበር። ጥናቱ በ2005 ሲታተም የዘርፉን ሰው ሁሉ አስደነገጠ።

ምን ሆነ መሰለህ? ድሮ በጠና የታመመ ሕፃን መንገድ ላይ እያለ ሐኪሙ ቀድሞ ትእዛዝ ይጽፋል፣ ነርሷ መድኃኒቱን አዘጋጅታ ትጠብቃለች። አዲሱ ሲስተም ግን ሕፃኑ ደርሶ ካልተመዘገበ ትእዛዝ አይቀበልም። መድኃኒቱም ከክፍሉ ወጥቶ ማዕከላዊ ፋርማሲ ገባ። ሐኪሙም ነርሷም ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ ተተከለ። ሲያትል ያለ ሌላ የሕፃናት ሆስፒታል ተመሳሳይ ሲስተም ሲያስገባ ግን ሞት አልጨመረም። ልዩነቱ አዘገጃጀቱ ላይ ነው። ድንገተኛ ክፍል ምን እንደሚመስል ከሚያውቁት ጋር ተቀምጦ ማሰብ ይጠይቃል።

ከቆላማው ወረዳ ወደ ደሴ በሪፈር የምትመጣን ምጥ የያዛት እናት አስብ። «መጀመሪያ ትመዝገብ፣ ኔትወርክ የለም» ቢባልስ?

የፋይዳ መታወቂያ ቁጥር ከካርዱ ጋር ሲያያዝስ?

ጥሩ ነው፣ ባለ 12 አኃዝ ቁጥር ከ12 ፀሐይ ይሻላል። ግን ራሱን ስቶ ድንገተኛ የገባ ሰው ቁጥሩን አይነግርህም። አሁን የተወለደ ሕፃንም እንደዚያው። የስም ፍለጋው ሥራ አይቀርም።

ከሐይቅ፣ የሆስፒታል ነርስ፦ ሰዓትና ቀን ላይ እንጋጫለን። ምን ትመክራለህ?

ይሄን ስላነሳህ ተባረክ። ሰዎች ትንሽ ነገር ይመስላቸዋል። የመድኃኒት ቻርት ላይ «2:00» ተብሎ ተጽፏል። በእኛ ከሆነ ጧት 2 ሰዓት ነው። በፈረንጅ ከሆነ ሌሊት 8 ሰዓት። በየ6 ሰዓቱ የሚሰጥ መርፌ ከሆነ አንድ ዙር ተዘለለ ወይም ተደረበ ማለት ነው። የእኔ ደንብ፦ ቻርቱ አናት ላይ «በሀገር ሰዓት» ተብሎ በትልቁ ይጻፍ፣ ጧት፣ ቀን፣ ማታ፣ ሌሊት የሚለው ቃል አይዘለል። ቀኑም ከነዓመተ ምሕረቱ ሙሉ ይጻፍ። ጳጉሜን የማያውቅ ሶፍትዌር የሚያመጣላችሁ ሰው ካለ ደግሞ ቡና አጠጥታችሁ ሸኙት።

ከወልድያ፦ በጦርነቱ ጊዜ የተቃጠለው የታካሚ መረጃ ይመለስ ይሆን?

ወንድሜ፣ ወደ ላይ የተላከው ድምር አለ። ስንት ሰው እንደተከተበ፣ ስንት እናት እንደወለደች በቁጥር ታገኘዋለህ። የአያ እገሌ ፎልደር ግን የነበረው እዚያው መደርደሪያ ላይ ብቻ ነው። በ2014 ወሎ ውስጥ ብዙ ጤና ተቋም ሲዘረፍና ሲወድም አብሮ ሄዷል። ኮምፒውተር ላይ የነበረውም ሰርቨሩ (መረጃው የተቀመጠበት ዋና ኮምፒውተር) ሲወሰድ ያው ነው። የኤችአይቪና የቲቢ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ታሪካቸውን ከራሳቸው አፍና ከያዙት የመድኃኒት ጠርሙስ አውጥተን ነው እንደገና የጻፍነው።

ዛሬ የምናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው። የመረጃው ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከከተማው ውጭ። ሰርቨሩ ያለበት ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሃርድ ዲስክ መጠባበቂያ አይባልም።

የሄልዝ ኢንፎርማቲክስ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ርዕስ ስጠኝ፦ «የባለሙያዎች እውቀትና አመለካከት በኢኤምአር (በኮምፒውተር የታካሚ መዝገብ) ላይ» ብዬ አስቤ ነበር።

ተው እባክህ። አመለካከት የሚጠይቅ መጠይቅ መደርደሪያ ሞልቶ ፈሷል። ሰው መጠይቅ ላይ «በጣም እስማማለሁ» ብሎ ማታ ወረቀት ላይ ይጽፋል።

የሚቆጠር ነገር ቁጠር። ለምሳሌ አንድ ተቋም ውስጥ ሁለት ካርድ ያላቸው ሰዎች ስንት ናቸው? የነገርኳችሁን የፊደል ማመሳሰያ ተጠቅመህ ስሞቹን አጋጥም። ከዚያ እየከፈትክ በዓይንህ አረጋግጥ። ትክክል ያገናኘው ስንት፣ በስህተት ያገናኘው ስንት? ሁለተኛውን እንዳትንቀው። አንድን ሰው ለሁለት መክፈል ያናድዳል፤ ሁለት ሰይዶችን አንድ ማድረግ ግን የአንዱን ደም ዓይነት ለሌላው ይሰጣል። ወይም ሰዓት ይዘህ ካርድ ክፍል በር ላይ ቁም፤ ታካሚው ከተሰለፈበት ፎልደሩ ሐኪም እጅ እስኪገባ ስንት ደቂቃ ነው? የሥነ ምግባር ፈቃድህን ይዘህ ና እንጂ ስም ያለበት መረጃ በፍላሽ ይዞ መውጣት የለም።

ስሙ ከጠፋ በኋላስ መረጃውን ቴሌግራም ላይ ለትምህርት ብናወጣው ምን ችግር አለው?

አሜሪካ ውስጥ አንዲት ተመራማሪ የትውልድ ቀን፣ ፆታና የፖስታ ቁጥር ብቻ ይዛ 87 በመቶው ሕዝብ ሊለይ እንደሚችል አሳይታለች። የእኛ ቀበሌማ ከዚያም ይብሳል። «34 ዓመት፣ ሴት፣ ከአምባሰል፣ መንታ የወለደች» ካልክ ቡና ላይ ያለው ሰው ሁሉ ስሟን ይነግርሃል። ደግሞ በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የጤና መረጃን ጥብቅ ጥበቃ ከሚሹት መድቦታል። መረጃውን አታውጣው።

አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ሐኪም ይተካል?

በ1970ዎቹ (እንደ አውሮፓ) ስታንፎርድ ላይ ማይሲን የሚባል ፕሮግራም ለማጅራት ገትር መድኃኒት ሲመርጥ ከባለሙያዎች ያላነሰ ነጥብ አግኝቶ ነበር። ግን ዎርድ ገብቶ አልሠራም። ሐኪሙ ቁጭ ብሎ ጥያቄውን ሁሉ በእጁ እየተየበ መመለስ ነበረበት፤ ማን ጊዜ አለው? የዛሬዎቹ በጣም ይሻላሉ። ሆኖም ፎልደሩ ካልተገኘ ምን ያነባሉ?

የመጨረሻ፦ አንተስ ካርድህ ጠፍቶብህ ያውቃል?

ሁለት ካርድ አለኝ፣ እዚያው የምሠራበት ቤት። አባቴ አንዱ ላይ በሐ፣ ሌላው ላይ በሀ ተጽፏል። አንደኛውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።